በትዳር ቪዛ ወደ ጀርመን፦ ከቀበና እስከ መጀመሪያው ደመወዝ

ባሏ ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ሆኖ እሷ አዲስ አበባ፣ ቀበና ካለው ኤምባሲ ቀጠሮ የምትጠብቅ ሴት ስትደውልልኝ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እዚያ ስገባ መሥራት እችላለሁ ወይስ ቁጭ ብዬ ፈቃድ ልጠብቅ?» ትችያለሽ፣ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ። አሜሪካ በኤፍ 2 ቪዛ ተማሪ ባሏን ተከትላ የሄደች ሴት ይህ ዕድል የላትም፤ ሥራ ክልክል ነው። የጀርመኑ የትዳር ቪዛ ግን በራሱ የሥራ ፈቃድም ነው። ፓስፖርትሽ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ስትቀበዪ «ኤርቬርብስቴቲሽካይት ኤርላውፕት» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ሠርቶ ገቢ ማግኘት ተፈቅዷል ማለት ነው፤ ተቀጥሮም ሆነ በግል።

ታዲያ ፈቃዱ በእጃችን እያለ ብዙዎቻችን ሁለት ሦስት ዓመት ቤት የምንቀመጠው ለምንድን ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅደም ተከተሉን ስለምንስት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ መጨረስ የነበረብኝን ጀርመን ገብቼ ጀመርኩ፤ ማዘግየት የነበረብኝን ደግሞ አስቀደምኩ፤ እንዲህ ሆኖ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እዚህ የማሰፍረው ያን ቅደም ተከተል ነው። ለሚስት እንደሚነገር አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሚስትህን ተከትለህ የምትሄድ ባል ከሆንክ «አንቺ» የሚለውን «አንተ» እያልክ አንብበው፤ ነገሩ አንድ ነው።

1. ወረቀቱን እዚያው ጨርሺ

በቪዛው ሂደት ጊዜ የሚበላው ሰነድ ማጣራት ነው። ጀርመኖች ከኢትዮጵያ የሚመጣን የጋብቻና የልደት ወረቀት ማኅተም ስላረፈበት ብቻ አያምኑም፤ ከመዝገቡ ጋር እንዲመሳከር ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ይህም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ እነሱ ከማየታቸው በፊት አንቺ እዪው። ተክሊል ፈጽማችሁ ወይም ኒካሕ አስራችሁ ከሆነ ያ ብቻ አይበቃም፤ ወረዳ ቀርባችሁ ጋብቻውን አስመዝግቡና ምስክር ወረቀቱን አውጡ።

ሦስት ነገሮችን በጣት እየተከተልሽ አመሳክሪ። አንደኛው ስም ነው። በፓስፖርቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል በአንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ላይ በሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም ስንቱን አስለቅሷል፤ «ፀሐይ»ን ብቻ በስንት መንገድ እንደምንጽፋት አስቢው። ሁለተኛው ቀን ነው። ልደትሽ በእኛ 1988 ከሆነ በእነሱ ወይ 1995 ወይ 1996 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግድም ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ትጨምሪያለሽ። የልደት ካርዱን የሞላው ሰው ሰባት ሲጨምር ፓስፖርቱን የሞላው ስምንት ጨምሮ ከሆነ፣ ለኤምባሲው ሁለት ሰው ነሽ። ሦስተኛው የአያት ስም ነው፤ አንዱ ላይ ተጽፎ ሌላው ላይ ካልተጻፈ ይጠይቁሻል።

ከዚያ ማንም የማይነግርሽ ወረቀት አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችንን ታውቂዋለሽ፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ መደብ፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ እየተቆረጠ። ጀርመናዊ ቀጣሪ እሱን አይቶ ምንም አይገባውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሠራሽ ነው። ከመልቀቅሽ በፊት አለቃሽን በእንግሊዝኛ ዝርዝር ደብዳቤ አስጽፊው፦ ስንት ሰው ታስተዳድሪ ነበር፣ በየትኛው የሒሳብ ፕሮግራም ትሠሪ ነበር፣ ምን ትፈርሚ ነበር። ጤና ባለሙያ ከሆንሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲሽ ሄደሽ የእያንዳንዱን ትምህርት ሰዓት፣ ንድፈ ሐሳቡንና የሆስፒታል ልምምዱን ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት አሠሪ። ይህን ከፍራንክፈርት በስልክ፣ በወንድምና በአክስት ልጅ ማስወጣት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ባልሽም ዝም ብሎ አይጠብቅ። እንደ ፈቃዱ ዓይነት ኑሯችሁን የሚሸፍን ገቢና ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት ማሳየት ሊጠበቅበት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው 12 ካሬ ሜትር አካባቢ ይታሰባል። ቤት ማግኘት በትልልቆቹ ከተሞች ከቪዛው ያላነሰ ፈተና ስለሆነ ፍለጋውን ዛሬ ይጀምር።

የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው፤ የጀርመን ዜጋ ሚስት ከሆንሽ ጭራሽ የለም። ከዚያ በላይ አምጪ የሚል ደላላ ለራሱ ኪስ ነው የሚሰበስበው።

2. ጀርመንኛውን ለኤምባሲው ብለሽ አትማሪ

ከጥቂቶች በቀር የትዳር ቪዛ የምትጠይቅ ሴት የኤ 1፣ ማለትም የመጀመሪያውን ደረጃ የጀርመንኛ፣ ፈተና ማለፍ አለባት። ባልሽ ብሉ ካርድ የሚባለው የከፍተኛ ባለሙያ ፈቃድ ካለው ወይም በሠለጠነ ባለሙያ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ አይጠየቅሽም። ፈተናውን ስድስት ኪሎ ያለው የጎተ ተቋም ይሰጣል። ማለፊያው ከ100 60 ነው፤ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው። በመናገሩ ክፍል ስምሽን ፊደል በፊደል እንድትቆጥሪ ያደርጉሻል። ቀላል ይመስላል፣ ግን «ኢ» የሚሉት እኛ በእንግሊዝኛ «አይ» የምንለውን፣ «ኤ» የሚሉት እኛ «ኢ» የምንለውን ስለሆነ እንግሊዝኛ የለመደ ምላስ ገና በሦስተኛው ፊደል ይሰናከላል። መስታወት ፊት ቆመሽ ተለማመጂው፤ ጀርመን ከገባሽ በኋላም በየስልኩ የምትሠሪው ይህንኑ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ኤ 1ን ባለፍን ማግስት ነው። ሰርተፊኬቱን ፋይል ውስጥ ከትተን ደብተሩን እንዘጋለን። ቪዛው ስድስት ወር ሲቆይ የተማርነው ሁሉ ይተናል፣ ጀርመን ስንደርስ ደግሞ ከ«ጉተን ታግ» እንጀምራለን። የመጠበቂያው ወራት በሕይወትሽ ርካሹ የጀርመንኛ ጊዜ ነው። ኪራይ የለብሽም፣ እናትሽ ቤት ምሳ አለ፣ ኮርሱም በብር ነው። ኤ 2 ጨርሰሽ የገባሽ እንደሆነ ግማሽ ዓመት አተረፍሽ። ብሉ ካርድ ያለው ባል አግብታ «እኔ ፈተና የለብኝም» ብላ እፎይ ያለችው ጓደኛዬ ከሁላችንም በኋላ ነው ሥራ ያገኘችው። ባሏ በእንግሊዝኛ ስለሚሠራ ቤታቸው ውስጥ ጀርመንኛ የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር።

ስለ ሻንጣ አንድ ቃል ልበልና ልለፍ። በርበሬና ሽሮ ያዢ። ቅቤና ቋንጣ ግን ተዪ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። የአማቴ ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ እየሸተተ፣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። በቅቤው ቦታ የዲግሪሽን ዋናውን ቅጂ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ።

3. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ አድራሻሽን ታስመዘግቢያለሽ፤ «አንሜልዱንግ» የሚሉት ይህን ነው። አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ፣ ፓስፖርትና የጋብቻ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው፤ የግብር ቁጥሩ፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የመኖሪያ ካርዱ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ስትመለሺ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ፣ የአባትሽን ስም የፖስታ ሳጥኑና የበሩ ደወል ላይ ለጥፊ። አትሳቂ። እዚያ አገር ሚስት ከባሏ የተለየ ስም ያላት መሆኗ ለፖስተኛው አይታየውም፤ ሳጥኑ ላይ የሌለ ስም እዚያ ቤት የሌለ ሰው ነው። በእኛ ሳጥን ላይ የነበረው የባሌ አባት ስም ብቻ ነበር። የግብር ቁጥሬን የያዘው ደብዳቤ መጥቶ ተመለሰ፤ እኔ ደግሞ «ቢሮክራሲ» እያልኩ አምስት ሳምንት መንግሥትን ረገምኩ። የስሙ ነገር በዚህ አላበቃም። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተቀምጬ የአባቴን ስም ሦስት ጊዜ ሲጠሩ ሰማሁ። ነፍሱን ይማረውና እዚህ ማን ያውቀዋል ብዬ ዝም አልኩ። ለካ እኔን ኖሯል።

ባንክ ሒሳብ በራስሽ ስም ክፈቺ። የጋራ ሒሳብ ቢኖራችሁም የራስሽ ይኑርሽ፤ ደመወዝሽ የሚገባው እዚያ ነው።

ስለ ጤና መድን፦ ባልሽ በሕዝባዊው መድን ድርጅት ውስጥ ከሆነ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእሱ ሥር ትገቢያለሽ። ይህ የሚሆነው ግን ገቢ እስከሌለሽ ወይም ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው። በግል መድን የገባ ከሆነ ግን ለአንቺ ለብቻሽ መክፈል አለበት፤ ይህን ከመምጣትሽ በፊት ጠይቂው።

ቪዛው ሳያልቅ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ ያዢ፤ የመኖሪያ ካርዱ ከዚያ ነው የሚወጣው። ቀጠሮው ከዘገየብሽ ማመልከትሽን የሚያረጋግጥ ጊዜያዊ ወረቀት ጠይቂ። ሥራ ቀጣሪ ያንኑ ወረቀት ነው የሚያየው፤ የመሥራት መብትሽ እዚያም ላይ መጻፉን አረጋግጪ።

4. ኮርሱ ይቅደም ወይስ ሥራው?

አብዛኛው ክርክር የሚነሣው እዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየተጠጣ አንዷ «ፑትስ አለ፣ ነገ ነይ» ትልሻለች። ፑትስ ማለት ጽዳት ነው። ወይም ዕቃ ማሸጊያ መጋዘን፣ ወይም ሆቴል አልጋ ማንጠፍ። ዩሮው በእጅሽ ሲገባ ደስ ይላል፤ አገር ቤትም የሚጠብቅ አለ። ሥራውን አልንቅም፣ ሠርቼዋለሁ። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ስምንት ሰዓት የቆመች ሴት ማታ ኮርስ ገብታ የሚገባት ነገር የለም። ጽዳት ሥራ ላይ ደግሞ ጀርመንኛ አይነገርም። እኔ በአንድ ዓመት የተማርኩት «ባልዲ»፣ «ቶሎ»ና «ነገ»ን ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ የውጭ ዜጎች ቢሮው ካርዱን ሲሰጥሽ የኢንቴግራሲዮን ኮርስ የመግቢያ ወረቀት አብረሽ ጠይቂ። መደበኛው ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና አኗኗር ነው፤ ቢ 1 ላይ ያደርስሻል። ልጅ ካለሽ ሕፃን የሚጠብቅ ኮርስ እንዳለ ጠይቂ። ገንዘቡ የግድ ካስፈለገ ሚኒጆብ የሚሉትን ትንሽ ሥራ ያዢ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር እስከ 603 ዩሮ ነው፤ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 13.90 ዩሮ ስለሆነ በወር ከ43 ሰዓት አይበልጥም ማለት ነው። እዚያ ልክ ላይ ከቆየሽ በባልሽ ጤና መድን ሥር ትቆያለሽ፣ ኮርሱም አይጎዳም።

ሚኒጆብ ግን ድልድይ ነው እንጂ ቤት አይሠራበትም። ዓመት ካለፈሽ ወጥመድ ይሆናል፤ ሥራ አጥ ብትሆኚ የሥራ አጥነት መድን አያስገኝልሽም። አንድ ነገርም ልብ በይ፦ ሚኒጆብ የሚሠራ ሰውም የሚከፈልበት ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ መብት አለው። «ለሚኒጆብ ዕረፍት የለም» የሚል አሠሪ ገጥሞኝ አምኜው ነበር።

5. ሙያሽ በየትኛው ወገን ነው?

ጀርመን ሙያን በሁለት ትከፍላለች። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስትና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ዲግሪያቸው በይፋ ካልታወቀ በሙያው ስም መሥራት አይችሉም። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሻጭና ወጥ ቤት ግን የማንንም ፈቃድ አይሹም፤ ቀጣሪው ካመነ በቂ ነው። ለሁለተኛው ወገን አናቢን የሚባለውን መዝገብ ክፈቺና ዩኒቨርሲቲሽን ፈልጊ፤ «ሃ ፕላስ» ካለው ዕውቅና ያለው ነው። ከፈለግሽ የዲግሪ ግምገማ ወረቀት በክፍያ ይሠሩልሻል፤ ለቀጣሪ ማሳየት ይጠቅማል።

ነርስ ከሆንሽ ትዕግሥት አድርጊና ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቢው። ማመልከቻው የሚገባው ልትሠሪበት ባሰብሽው ክፍለ ግዛት ለሚገኘው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሄሰን ሌላ፣ ባየርን ሌላ። ያ የሰዓት ዝርዝር የያዘ ወረቀት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፣ የእነሱን ሥልጠና ከአንቺው ጋር ሰዓት በሰዓት ያስተያያሉና። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «ጉድለት አለ» የሚል ነው። ደብዳቤውን አንብባ ሦስት ቀን ያልበላች ነርስ አውቃለሁ፤ እምቢ ያሏት መስሏት። እምቢታ አይደለም። ጉድለቱን በሆስፒታል የማካካሻ ልምምድ ወይም በዕውቀት ፈተና ሙዪው ማለት ነው፤ ምርጫው ያንቺ ነው። እስከዚያ በረዳትነት ተቀጥረሽ ደመወዝ እያገኘሽ መቆየት ትችያለሽ፣ ብዙ ሆስፒታሎችም ራሳቸው ያስገቡሻል። ቋንቋው ቢ 2 ያስፈልጋል።

ዲግሪሽ የማይሠራልሽ ወይም ከዲግሪ በፊት ያቋረጥሽ ከሆንሽ አውስቢልዱንግ አለ፦ ግማሹ ትምህርት ቤት፣ ግማሹ ሥራ ቦታ፣ አብዛኛው ሦስት ዓመት፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚከፈልበት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ከ17 ዓመት ልጆች ጋር? ትይ ይሆናል። ነርሲንግ ክፍል ውስጥ እናቶች ሞልተዋል፤ ማንም ዞሮ አያይሽም።

ይህን ሁሉ ለብቻሽ አትጋፈጪው። ካሪታስ፣ ዲያኮኒና ቀይ መስቀል ለአዲስ መጪዎች ነጻ የምክር ቢሮ አላቸው፤ ወረቀትሽን ሁሉ በአንድ ፋይል ይዘሽ ሂጂ።

6. «ትንሽ ትንሽ» አትበዪ

ማመልከቻው ሁለት ገጽ የማይበልጥ የሕይወት ታሪክ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤና የምስክር ወረቀቶች ቅጂ ነው። የቅርቡ ሥራ ከላይ ይሁን። ቤት የቆየሽበትን ጊዜ ባዶ አትተዪው፤ «የጀርመንኛ ኮርስ፣ ልጅ ማሳደግ» ብለሽ ከነወሩ ጻፊ።

ቃለ መጠይቁ ላይ የሚጥለን አስተዳደጋችን ነው። የመጀመሪያዬ ላይ «ኤክሴል ትችያለሽ?» ተባልኩ። ስምንት ዓመት ባንክ ውስጥ ኤክሴል ስሠራ የኖርኩ ሴት፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «አይን ቢስሸን» አልኩ፤ ትንሽ ትንሽ ማለቴ ነው። አገር ቤት ቢሆን «ጨዋ ናት፣ በደንብ ትችላለች ማለት ነው» ይሉልኝ ነበር። ሰውየው ግን ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ አየሁት፤ «ትንሽ» ብሎ መሆን አለበት፣ አልጠሩኝም። የሚቀጥለው ላይ «አዎ፣ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ የወሩን ሒሳብ የምዘጋው በእሱ ነበር» አልኩ። ጉራ የነፋሁ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። ሴትየዋ ግን ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ስትመልሺ ዓይን እያየሽ፣ ቁጥር እየጠቀስሽ ይሁን። አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ።

7. ውሉን ከመፈረምሽ በፊት

የሚነግሩሽ ደመወዝ ከመቆረጡ በፊት ያለውን ነው። የሙከራ ጊዜው እስከ ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ አንቺም መልቀቅ፣ እነሱም ማሰናበት ይችላሉ። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው የዓመት ዕረፍት ከ20 ቀን ማነስ የለበትም። ከታመምሽ ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት ደውዪ፤ «ነገ ስመጣ እነግራቸዋለሁ» አይሠራም።

የግብር ቁጥርሽን ቶሎ ስጫቸው፤ ያለዚያ በክፍል 6፣ ማለትም ከሁሉ በሚበዛው ተመን፣ ሊቆርጡብሽ ይችላሉ። ባልና ሚስት ሁለቱም ወዲያው ክፍል 4 ይገባሉ። ባሎች ከጓደኛ ሰምተው «እኔ 3 ልሁን፣ አንቺ 5 ሁኚ፣ በወር የበለጠ ይገባናል» ይላሉ። ልክ ነው፣ በየወሩ የበለጠ ይገባል። ነገር ግን የዓመቱ ግብር ሲታሰብ የሁለታችሁ ድምር ያው ነው፤ የሚለየው መቼ እንደሚከፈል ብቻ ነው። ክፍል 5 ውስጥ ያለችው ሚስት ግን የተጣራ ደመወዟ ትንሽ ስለሚሆን፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው የወሊድና የሥራ አጥነት ገንዘቧም አብሮ ያንሳል። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ፎርሙን ከመፈረምሽ በፊት ይህን ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

መኪና መንዳት ለሚጠይቅ ሥራ፦ የኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው ስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ትወስጃለሽ። የጽሑፉ በአማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ግን አለ።

8. ሰው የማያነሣው

የመኖሪያ ፈቃድሽ በጋብቻው ላይ የቆመ ነው። ጀርመን ውስጥ በትዳር አብራችሁ ሦስት ዓመት ከመኖራችሁ በፊት ከተለያያችሁ ካርዱን ልታጪ ትችያለሽ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የራስሽ መብት አለሽ። ይህን የሚያውቅ ክፉ ባል እንደ ገመድ ሲይዘው አይቻለሁ፦ «አንድ ስልክ ብደውል ትመለሻለሽ» እያለ። ውሸት ነው። ዱላና ጭካኔ ካለ ሕጉ ሦስት ዓመት ጠብቂ አይልሽም። በ116 016 በማንኛውም ሰዓት፣ በነጻ፣ ስም ሳትናገሪ መደወል ትችያለሽ። ፓስፖርትሽና ካርድሽ ሁልጊዜ አንቺ በምታውቂው ቦታ ይቀመጡ።

9. ካርዱ ሲታደስ

ካርዱ ከማለቁ ሁለት ወር አስቀድመሽ ቀጠሮ ጠይቂ። የኪራይ ውል፣ የጤና መድን ማረጋገጫና የመጨረሻ ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት ይፈልጋሉ። እዚያ አገር ማንኛውም ወረቀት ስለሚጠየቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም እየበሳሽ በወፍራም ፋይል አስቀምጪ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ያስገባሁት የባሌን ሦስት ወረቀት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዙር የእኔን ሦስት አስቀደምኩ፤ ሠራተኛዋ አገላብጣ አየችና «የባለቤትሽን አያስፈልገኝም» ብላ መለሰችልኝ።